ጩኸትና ቅኝት

ክራር ደርዳሪ የመሣሪያውን ጅማቶች በአዲስ የለወጠ እንደሆነ እንደገና ሳይቃኝ በሰው ፊት አይቀርብም። ይህ የማያከራክር ነው። የለወጠው ግን ጅማቱን ሳይሆን ማንገቻውን ብቻ ከሆነስ? ያን ጊዜ ቅኝቱን መነካካት ጥንቃቄ ነው ወይስ የተስተካከለውን ማበላሸት? ጥያቄው ለሙዚቃ ሰው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ይኸው ጥያቄ ከክራር ወደ ሞተር ብስክሌት በተዛወረ ጊዜ በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ የሙዚቃ መምህርን ሦስት ወር ሙሉ ከወንድሙ፣ ከመካኒኮችና ከገዛ ጆሮው ጋር ሲያሟግተው ከርሟል።

መምህሩ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ቀን በትምህርት ቤት የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፣ ማታ ማታ ደግሞ በቤቱ ዋሽንት የሚያስተምር ሰው ነው። ሞተር ብስክሌቱ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 650 ሲሲ፣ ነዳጁን በካርቡራቶር ሳይሆን በኢንጄክተር የምታገኝና ከሌላ ሰው እጅ የገዛት ናት። ከቤቱ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ደግሞ ወደየተማሪዎቹ ቤት የምታመላልሰው እርሷ ናት። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ለፋሲካ በመጣ ጊዜ ከሻንጣው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የሚያብለጨልጭ ቱቦ አወጣ። ይኸውም ሞተሯን ከሠራው ፋብሪካ ውጭ የተመረተ ማርሚታ ሲሆን ክብደቱ ከነባሩ በግማሽ ያነሰ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ይህች ሞተር እስከ ዛሬ በሹክሹክታ ነው የኖረችው። አሁን ትናገር» አለ ወንድሙ።

በሰፈሩ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ወጣት ማርሚታውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ገጠመው። አዲሱ ቱቦ ከነባሩ መስመር ጋር አልገጥም ስላለው ከሞተሩ ራስ የሚወጡትን የጭስ ቧንቧዎች ብሎኖች ላላ አድርጎ አስተካከላቸውና መልሶ አጠበቃቸው። ከዚያም ሞተሯ ተነሣች። የመምህሩን ስሜት ለመረዳት ሕይወቱን ሁሉ በድምፅ መካከል ያሳለፈ ሰው መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ከበሮ ከሩቅ ሲመታ ደረት ውስጥ የሚሰማው ዓይነት ወፍራም ድምፅ ከቱቦው ወጣ። መምህሩም በዚያች ቅጽበት ሞተሯ ብርቱ እንደሆነች አመነ። ማንም አልነገረውም፤ የመሰከረለት ጆሮው ብቻ ነበር።

ወንድሙ ወደ ሜሪላንድ በተመለሰ በሳምንቱ ግን ሦስት ነገሮች ታዩ። አንደኛ፣ ቁልቁለት ላይ ጋዝ ሲለቀቅ ከማርሚታው ውስጥ የርችት ዓይነት ተኩስ ይሰማ ጀመር። ሁለተኛ፣ ሞተሯ በሚኒሞ ስትቆም ድምፅዋ ከፍ ዝቅ ይል ያዘ። ሦስተኛ፣ ቀድሞ በአንድ ሊትር ቤንዚን 22 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው ወደ 18 ወረደች። መምህሩ ሒሳቡን በማስታወሻ ደብተሩ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሠራው፤ አልተለወጠም።

ስልክ ደወለ። የወንድሙ መልስ ፈጣን ነበር። «ኢሲዩው አዲሱን ማርሚታ አያውቀውም፤ ስለዚህ ሪማፕ መደረግ አለበት። አለዚያ ሞተሩ በነዳጅ ማነስ ይቃጠልብሃል። በኢሲዩውና በኢንጄክተሩ መካከል የሚሰካ ትንሽ ሣጥን አለ፤ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ።» የቀረው ግማሽ መምህሩ ለሴት ልጁ ክራር ማሠሪያ ካስቀመጠው ገንዘብ ጋር እኩል ሆነ። የሰፈሩ ወጣት መካኒክ በበኩሉ «የዛሬ ዘመን ኢሲዩ ራሱ ይማራል፤ ምንም አያስፈልገውም» ሲል አረጋገጠለት። ሁለቱም በሙሉ ልብ ተናገሩ። ይሁን እንጂ አንዳቸውም ሞተሯን ጎንበስ ብለው አልመረመሯትም።

*

ለመሆኑ ማርሚታ ለሞተር ምኑ ነው? ጩኸት ማፈኛ ብቻ ነውን? ይህን ለመመለስ ወደ መሠረቱ መመለስ ያስፈልጋል።

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ከሠራው ሞተር ጀምሮ ባለ አራት ምት ሞተር አየርና ነዳጅን ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ይተፋል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞርበት ወቅት እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 50 ጊዜ ጭስ ይተፋል። ይህ ጭስ ዝም ብሎ እንደ ወንዝ የሚፈስ አይደለም፤ እየተመታ የሚወጣ የግፊት ማዕበል ነው። ማዕበሉ በጋለው ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ ከ500 ሜትር በላይ ይጓዝና የቧንቧው ጫፍ ክፍት የሆነበት ዘንድ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲመለስም ጠባዩን ገልብጦ ነው፤ ግፊት ሆኖ የሄደው መሳብ ሆኖ ይመጣል።

መምህሩ ይህን ባወቀ ጊዜ ከመደነቅ ይልቅ ፈገግ አለ፤ ዋሽንትን የሚያናግረው ይኸው ሕግ ነውና። በዋሽንት ቱቦ ውስጥ ያለው የአየር ዓምድ ከክፍት ጫፉ እየተመለሰ በሚመጣው ማዕበል ይርገበገባል፤ ጣት ቀዳዳውን ሲከፍት ዓምዱ ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እምቢልታ ደግሞ ቀዳዳ ስለሌለው የየራሱን ውስን ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚሟላው ርዝመታቸው የተለያየ እምቢልታዎች ያሏቸው ነፊዎች እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። የጭስ ቧንቧም እንደ እምቢልታው ነው። ርዝመቱ ከአንድ የተወሰነ የዙር ፍጥነት ጋር ይስማማል፤ በዚያ ፍጥነት ተመላሹ የመሳብ ማዕበል የጭስ ቫልቩ ከመዘጋቱ በፊት ይደርስና የተረፈውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል፣ አዲሱንም አየር ይጋብዛል። በሌላ ፍጥነት ግን ያው ማዕበል ባልተፈለገ ሰዓት ደርሶ ያውካል። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጭስ ቧንቧው ውስጥ እንደ ፍጥነቱ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያስገባው ይህን ጉድለት ለማቃለል ነበር፤ ይኸውም ቀዳዳ ለሌለው እምቢልታ ጣትና ቀዳዳ እንደ መስጠት ያለ ነው።

እንግዲህ ቧንቧው ሲለወጥ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው የአየር መጠን ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። አየሩ ከተለወጠ ነዳጁም አብሮት መለወጥ ይኖርበታል። በካርቡራቶር ዘመን መካኒኩ ይህን የሚያስተካክለው የነዳጅ ማሳለፊያዋን ትንሽ ቀዳዳ በሰፋች ወይም በጠበበች በመተካት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን እንደ ሆንዳ ሲኤክስ 500 ተርቦና እንደ ቢኤምደብሊው ኬ 100 ያሉ ሞተር ብስክሌቶች በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ መርጫ ብቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ የነዳጁን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ ሳይሆን ሰንጠረዥ ሆነ።

ኢሲዩ የሚባለው ሣጥን የያዘው ይህን ሰንጠረዥ ነው። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ሣጥኑ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በቀጥታ አይመዝንም። የሚያውቀው ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ጋዙ ምን ያህል እንደ ተከፈተ፣ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለው ግፊትና ሙቀት ምን ያህል እንደሆነ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «በዚህ ሁኔታ ይህን ያህል አየር ይገባል» ብሎ ይገምታል። ግምቱ የተመሠረተው በፋብሪካው ውስጥ፣ በፋብሪካው ማርሚታ፣ በልክ ተመዝኖ በተመዘገበ ውጤት ላይ ነው። በመሆኑም የወንድምየው አነጋገር ከፊል እውነት አለው፤ ሰንጠረዡ የሚያስታውሰው አሮጌውን ቧንቧ ነው፤ አዲሱን አላየውም።

የወጣቱ መካኒክ አነጋገርም ከፊል እውነት አለው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው የኦክስጅን ሴንሰር ዛሬ በአብዛኛዎቹ አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶች የጭስ ቧንቧ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። ሥራው በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን አሽትቶ ለኢሲዩው መንገር ነው። ለቤንዚን ሙሉ በሙሉ መቃጠል የሚስማማው ልክ ለአንድ እጅ ነዳጅ በክብደት 14.7 እጅ አየር ሲሆን፣ ጭሱን የሚያነጻው ካታላይዘር ደኅና የሚሠራውም በዚሁ ልክ ዙሪያ ነው። ሴንሰሩ «አየር በዝቷል» ሲል ኢሲዩው ነዳጅ ይጨምራል፤ «ነዳጅ በዝቷል» ሲል ይቀንሳል። ብዙዎቹ ኢሲዩዎች ይህን እርማት በማስታወሻቸው ይይዙታል። ስለዚህ ሰው በዝግታ ወይም በመካከለኛ ፍጥነት በሚነዳበት ሰዓት ሣጥኑ በእርግጥ ይማራል።

ነገር ግን ይህ ትምህርት ወሰን አለው። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሞተሩ ለጉልበትና ለመቀዝቀዝ የበዛ ነዳጅ፣ ይኸውም 13 እጅ አየር ለአንድ እጅ ነዳጅ ያህል ይፈልጋል። ተራው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ከ14.7 በላይ መሆኑንና በታች መሆኑን እንጂ ምን ያህል እንደ ራቀ በትክክል አይለይም። በመሆኑም በዚያ ሰዓት ኢሲዩው ሴንሰሩን መስማት ያቆምና በሰንጠረዡ ብቻ ይመራል። ተማሪው መማሩን አቁሞ በቃሉ ያጠናውን ይወጣል ማለት ይቻላል። ጥያቄው ጠቅልሎ ሲታይ እንግዲህ ይህ ነው፤ አዲሱ ቧንቧ ያመጣው የአየር ለውጥ ሴንሰሩ ሊያርመው በሚችለው ወሰን ውስጥ ነው? ካልሆነስ በሙሉ ጋዝ ጊዜ ፋብሪካው በሰንጠረዡ ውስጥ የተወውን መጠባበቂያ ያልፋልን?

መምህሩ በዚህ ላይ የራሱን ጥያቄ አከለ። ሞተሯ ከተሠራችበት ዝቅተኛ አገር መጥታ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ትሠራለች። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለል አየር ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የማርሚታ ለውጥ ከሚያመጣው ይልቅ ይህ እጅግ የላቀ ለውጥ አይደለምን? መልሱ፣ አዎን፣ እጅግ የላቀ ነው። ነገር ግን የአየሩን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስላለ ኢሲዩው ከፍታውን አውቆ ነዳጁን ይቀንሳል። ካርቡራቶር ያላቸው ሞተሮች ከቆላ ወደ ደጋ ሲመጡ ነዳጅ ይበዛባቸውና ይታፈናሉ፤ የመምህሩ ሞተር ግን ጉልበቷ ቢቀንስም ልኳን አትስትም። ስለዚህ ነገሩ የለውጡ ትልቅነት ወይም ትንሽነት ብቻ አይደለም፤ ለውጡን የሚያይ ዓይን በሣጥኑ ዘንድ መኖር አለመኖሩ ነው።

*

መምህሩ ገንዘቡን ሊልክ በተነሣበት ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባው ከልጅነታቸው ጀምሮ በሞተር ብስክሌት ሥራ የሸመገሉ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰደው። አዛውንቱ የሁለቱን ወገኖች ክርክር በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ኢሲዩን በሚመለከት አንድም ቃል አልተናገሩም። ሞተሯ እንድትነሣ ብቻ ጠየቁ።

«መምህር፣ እርስዎ ዋሽንት ያስተምራሉ አሉ» አሉ።

«አዎን፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከኋላ አይስሙ። ከኋላ የሚጮኸው ማርሚታው ነው፤ እርሱ ዝም በል ቢሉትም አይሰማም። ወደ ፊት መጥተው ከቧንቧው ሥር ያዳምጡ።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ከትልቁ ጩኸት ሥር፣ ከግራው ሲሊንደር አፍ፣ ጣቱን በወጉ ካልገጠመ ጀማሪ ዋሽንት ነፊ የሚወጣው ዓይነት ቀጭን ፉጨት ሰማ። ይህን ፉጨት በየቀኑ ከተማሪዎቹ እየለየ ያርማል። በራሱ ሞተር ላይ ግን አንድ ወር ሙሉ አልሰማውም ነበር፤ ጩኸቱ ሸፍኖበት ነበርና። አዛውንቱ ሞተሯ እስክትቀዘቅዝ ጠብቀው ቧንቧውን ፈቱት። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት መስመር ታየ። ጓርኒሲዮኑ የቀድሞው ነበር፤ አንዴ ተጨፍልቆ ቅርጹን የያዘው ያው አሮጌ ጓርኒሲዮን ሲሆን፣ ወጣቱ ብሎኑን ባላላ ጊዜ ተንሸራትቶ በአንድ ወገን ክፍተት ትቷል።

የሆነው ነገር ከዚያ በኋላ ግልጽ ሆነ። በቧንቧው ውስጥ ግፊት ብቻ ሳይሆን ተመላሽ መሳብም አለ። መሳቡ በደረሰ ቁጥር ከውጭ ንጹሕ አየር በክፍተቱ ይገባል። ከክፍተቱ በታች የተሰካው የኦክስጅን ሴንሰር ያን አየር አሽትቶ «በሲሊንደሩ ውስጥ አየር በዝቷል» ብሎ ይመሰክራል። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ያየው ግን ከሲሊንደሩ የመጣ አልነበረም። ኢሲዩው ምስክሩን አምኖ ነዳጅ ጨመረ፤ 22 ኪሎ ሜትር ወደ 18 የወረደው በዚህ ነው። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ያለውም ኢሲዩው የሐሰቱን ወሬ እየተከተለ ሲጨምርና ሲቀንስ ነው። ሳይቃጠል የወጣው ትርፍ ነዳጅ ደግሞ በክፍተቱ ከገባው አየር ጋር በጋለው ቧንቧ ውስጥ ሲገናኝ እንደ ርችት ተኮሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ወንድምየው የነዳጅ ማነስ ነው ያለው በሽታ በእውነቱ የነዳጅ መብዛት ነበር። የታዘዘው ሣጥን መጥቶ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው ነዳጅ መጨመር ስለሆነ በበዛው ላይ ያበዛ ነበር። ትርፍ ነዳጅና ትርፍ አየር በካታላይዘሩ ውስጥ ሲቃጠሉም ካታላይዘሩ ከልኩ በላይ ግሎ እስከ መበላሸት ይደርስ ነበር። ከዚህም በላይ በስሕተቱ ላይ የተሠራው አዲስ ሰንጠረዥ ስሕተቱን ትክክለኛ መነሻ አድርጎ ይመዘግበው ነበር። ጅማቱ የላላበትን ምክንያት ሳይመረምር የቀሩትን ጅማቶች ሁሉ ከላላው ጋር አስማምቶ የቃኘ ክራር ደርዳሪ ጥፋት ከዚህ በምን ይለያል?

አዛውንቱ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብተው ብሎኖቹን በየተራ እኩል አጠበቁ። መምህሩ በሁለተኛው ሳምንት ሒሳቡን ቢሠራ 22 ኪሎ ሜትሩ ተመልሷል። ቁልቁለት ላይ ትንሽ ጉርምርምታ ቀርቷል። ይኸውም ጋዝ ሲዘጋ የሚፈጠር ተራ ነገር ሲሆን በነባሩ ማርሚታም ነበረ፤ ነባሩ አፍኖት ኖሯል እንጂ።

*

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። አዲሱ ማርሚታ በእርግጥ ጉልበት ጨምሯልን? መምህሩ የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን አልነበረውም። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ባለ ቀጥተኛ መንገድ፣ ንጋት ላይ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ለመለካት ወሰነ። ስልኩን ከመሪው ላይ አሥሮ የፍጥነት መቁጠሪያውን ቀረጸ። በአዲሱ ማርሚታ አምስት ጊዜ፣ በነባሩም አምስት ጊዜ፣ በተመሳሳይ የነዳጅ መጠን ሄደ። ከተማሪዎቹ አንዱ በመንገዱ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ሙከራው እንዳለቀ ተማሪው ያለ አንዳች ማመንታት «በአዲሱ በጣም ትፈጥናለች» ሲል መሰከረ።

ምስሉ ግን ሌላ ተናገረ። በሁለቱ ማርሚታዎች መካከል የታየው ልዩነት በአንዱ ማርሚታ በራሱ አምስት ጉዞዎች መካከል ከታየው ልዩነት ያነሰ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ልዩነት አለ ለማለት የሚያበቃ ነገር አልተገኘም። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። የተለወጠው የመጨረሻው ጫፍ ብቻ ነው፤ ከሞተሩ ራስ እስከ ካታላይዘሩ ያለው ቧንቧ፣ ማዕበሉም የሚመላለስበት ዋናው ርዝመት አልተነካም። ከክራሩ የተለወጠው ማንገቻው እንጂ ጅማቱ አልነበረም። በመሆኑም ዳግም ቅኝት አላስፈለገም።

ከዚህ ተነሥቶ ዳግም ቅኝት ፈጽሞ አያስፈልግም ብሎ መደምደም ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ከሞተሩ ራስ ጀምሮ ቧንቧው በሙሉ የተለወጠ፣ ካታላይዘሩ የወጣ፣ የአየር ማጣሪያውም በሰፋፊ ቀዳዳ የተተካ እንደሆነ ጅማቱ ተለውጧል። ያን ጊዜ ሴንሰሩ የሚያርመው ቢያርምም በሙሉ ጋዝ የሚመራው ሰንጠረዥ ያለፈበት ይሆናል፤ ነዳጁ በብርቱ ከቀነሰ ሙቀት ይጨምራል፣ ያለ ጊዜው የሚፈነዳ ቃጠሎም ፒስተንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። እዚያ ላይ ዳግም ቅኝት ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው። ግን ቅኝቱ በዚያች ሞተር ላይ፣ በመለኪያ ማሽን፣ የጭሱን ልክ በስፋት በሚያነብ ሴንሰር ሊሠራ ይገባል። ለሌላ ሞተር፣ በሌላ አገር ቤንዚንና አየር የተሠራን ሰንጠረዥ ገልብጦ መጫን የሌላውን ሰው መነጽር ማድረግ ነው። ከሁሉ በፊትም ሞተሯ ጤነኛ መሆኗ መረጋገጥ አለበት፤ ጓርኒሲዮኑ፣ ካንዴላው፣ የአየር ማጣሪያው፣ የቫልቩ ክፍተት። የታመመ መሣሪያ አይቃኝም፤ አስቀድሞ ይታከማል።

ነገሩ የሞተሩ ባለቤት ብቻ ጉዳይም አይደለም። በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ ማንጻት መሣሪያዎችን ማሰናከልን ይከለክላል። ሃርሊ ዴቪድሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ከመንግሥት ጋር በደረሰው ስምምነት፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። የክሱ ምክንያትም ከ2008 ጀምሮ የተሸጡ 340,000 ያህል የሞተር መቃኛ መሣሪያዎች ሞተሮቹ ከተፈቀደው በላይ አየር እንዲበክሉ አድርገዋል የሚል ነበር። በኦስትሪያ የቲሮል ክፍለ ሀገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆመው ሲለኩ ከ95 ዴሲቤል በላይ የሚጮኹ ሞተር ብስክሌቶች በአንዳንድ የተራራ መንገዶች እንዳያልፉ ታግደዋል። ያሳገዳቸው የመንደሮቹ ነዋሪዎች አቤቱታ ነው። ጭሱም ሆነ ጩኸቱ ከቱቦው ከወጣ በኋላ የሁሉ ነውና።

*

መምህሩ ይህን የተማረው ግን ከቲሮል አልነበረም። በግቢው ውስጥ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራ ነርስ ትኖራለች። ጠዋት መምህሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሲወጣ እርሷ ከሥራ ተመልሳ ገና ጋደም የምትልበት ሰዓት ነው። ለሁለት ወር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ቀን የአምስት ዓመት ልጇ በግቢው ውስጥ እየሮጠ የሞተሩን ድምፅ አስመስሎ ሲጮህ መምህሩ ሰማና ሳቀ። እርሷ ግን አልሳቀችም።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች፣ «ልጁ ይህን ድምፅ የሚያውቀው እኔ በሰማሁት ቁጥር ስለምነሣ ነው። እኔ ስነሣ እርሱም ይነሣል።»

«ሲስተር፣ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«ሞተርዎን ደስ ብሎዎት ሲነዱ አየሁ። እንዴት ብዬ?»

መምህሩ የሚመልሰው አጣ። ተማሪዎቹን ዘወትር የሚያስተምራቸው ከራሳቸው ድምፅ ይልቅ የጓደኛቸውን ድምፅ እንዲያዳምጡ ነው፤ በኅብረት ሲጫወቱ ጎልቶ ለመሰማት የሚጥር ሰው ቅኝቱን ሲስት ለራሱ አይታወቀውምና። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ባመጣው ካርቶን ውስጥ የቀረችውን፣ ወጣቱ መካኒክ «ጉልበት ትቀንሳለች» ብሎ ያላስገባትን ትንሽ የድምፅ ማፈኛ ቱቦ አውጥቶ በማርሚታው አፍ ገጠማት። የያዘቻት አንዲት ብሎን ብቻ ናት። በማግስቱ ጠዋት ግን ሞተሯን ከማስነሣቱ በፊት እስከ በሩ ድረስ ገፋት፤ ከዚያም ወዲህ እንዲሁ ያደርጋል።

ለወንድሙ በስልክ ሲነግረው ወንድምየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎም ዝም አለ፣ በመጨረሻም «እና ወንድም ጋሼ፣ ሣጥኑን ልመልሰው?» ሲል ጠየቀ።

«መልሰው» አለ መምህሩ፤ «ሞተሯ ከቅኝቷ አልወጣችም። ከቅኝቱ የወጣሁት እኔ ነኝ።»

ለክራሩ የተቀመጠው ገንዘብ ለክራሩ ዋለ። ልጅቱ አዲሱን ክራር ባገኘች ጊዜ ጅማቱን አንድ ጊዜ መታ አድርጋ «አባዬ፣ ትክክል አይደለም፤ ቃኝልኝ» ስትል ሰጠችው። መምህሩ ክራሩን ተቀብሎ መቃኛዎቹን ከመንካቱ በፊት ግንዱን፣ ቆዳውን፣ የጅማቶቹንም ማሰሪያ አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ሁሉም ደኅና ነበር። ከዚያ በኋላ ቃኘው።